ቬኒየሩን ማን በላው

ሰውዬው እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ እንጨት ቤቱ ውስጥ ግን በስሙ የሚጠራው ሰው ከጠፋ ቆይቷል። የቆየውም አዲስ የገባውም «መዳፍ» ነው የሚለው። አንድ ፓኔል አለስልሶ ሲጨርስ ዓይኑን ጣሪያ ላይ ሰክቶ፣ ሐኪም የበሽተኛ ሆድ እንደሚዳብስ፣ በቀኝ መዳፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዳብሰዋል። ከዚያ «በቃ» ይላል፤ አለዚያም «ትንሽ ቀረው» ይላል። «በቃ» ካለ በቃ ነው። አለቃው እንኳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ አልፎ ይሄዳል እንጂ ጎንበስ ብሎ አያይም። መዳፍ እንዲህ ተከብሮ ነው የኖረው፤ መከበሩንም አሳምሮ ያውቃል።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ፓኔሉን ስታዩት ሙሉ እንጨት ይመስላል እንጂ ውስጡ ቺፑድ፣ በኮላ የተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ ነው። እውነተኛው እንጨት ላዩ ላይ በኮላ የተለጠፈው ቬኒየር ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከወፍራም ወረቀት አይበልጥም። ማሽኑ ደግሞ ምሕረት የለውም። ረጅሙ የብርጭቆ ወረቀት ቀበቶ እየከነፈ ይዞራል፤ ሠራተኛው ከላይ እጀታ ባለው መጫኛ ትራስ እየተጫነ ፓኔሉ ላይ ያስሄደዋል። አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ከዘገየ፣ ጠርዝ ላይ ክንዱ ከከበደ፣ ቬኒየሩ ይበላና ከሥሩ ኮላው ይወጣል። የተበላ ቬኒየር ደግሞ መልሶ አይበቅልም። ደረቅ ሳለ ከአቧራው ጋር ተመሳስሎ ያታልላል፤ እርጥብ ጨርቅ ወይ ቫርኒሽ ሲነካው ግን እንደ ቋቁቻ ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። ለዚህ ሲባል ሌላው ሠራተኛ ሁሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ፓኔሉን በእርሳስ ይሞነጭረዋል፤ መስመሩ ሲጠፋ እጁን ያነሳል። መዳፍ ይህን ይንቃል። እርሳስ የተማሪ ነው ብሎ በአደባባይ ያላግጣል።

ያን ሰሞን የአንድ ትልቅ አዳራሽ ግድግዳ በፓኔል የማልበስ ሥራ መጣ። ቬኒየሩ በሙሉ ከአንድ ግንድ ተከታትሎ የተላጠ ነው። የእንጨቱ ሞገድ ከአንዱ ፓኔል ወደሚቀጥለው ሳይቋረጥ እንዲፈስ በተራ በተራ ተለጥፏል። ስለዚህ አንዱ ቢበላሽ ሌላ አምጡ አይባልም፤ ግንዱ አልቋል። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ነው እንግዲህ ጉድ የመጣው። ቀቢዋ ቫርኒሹን ስታሳርፍበት አንዱ ፓኔል ጥጉ ላይ ቋቁቻ አወጣ። ብዙም ሳይቆይ ሌላው ደገመው። ሁለቱም የመዳፍ ነበሩ።

አለቃው የሚጮህ ሰው አይደለም፤ መዳፍን ለብቻው ወሰደው። «አንድ ጊዜ ከተደገመ ከማሽኑ አወርድሃለሁ። እያዘንኩ ነው የማወርድህ፤ ግን አወርድሃለሁ።»

ከማሽኑ መውረድ ማለት ምን እንደሆነ መዳፍ በዓይኑ አይቷል። ከእሱ በፊት ማሽኑ ላይ የነበሩት ሽማግሌ ዓይናቸው ሲደክም መጥረጊያ ነው የተሰጣቸው። ያን ጊዜ መዳፍ «አባባ ከቀበቶ ወደ መጥረጊያ አደጉ» ብሎ ቤቱን በሳቅ አፍርሶት ነበር። ሽማግሌውም አብረው ሳቁ፤ ወዲያው ግን መምጣት ተዉ። መዳፍ ይህን አልረሳውም። መጥረጊያ ከምይዝ አፈር ይብላኝ ብሎ በሆዱ ማለ።

በመዳፍ ቤት የእሱ መዳፍ መሳሳት የሚባል ነገር አያውቅም። እሱ «በቃ» ያለው ፓኔል ከተበላ፣ ከእሱ በኋላ የበላው ሰው አለ ማለት ነው። ማን? ሐሳቡ ብዙም ሳይደክም የሚስቱ ወንድም ላይ አረፈ።

የሚስቱን ወንድም እንጨት ቤቱ «እርሳስ» ይለዋል፤ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ የተወለደ ነው የሚመስለው። ዋስ ሆኖ ያስገባው መዳፍ ራሱ ነው። በእጅ ማለስለሻ ጠርዝ ጠርዙን የሚሠራ፣ ዝም ያለ፣ ሲጠሩት እንኳ ቶሎ አቤት የማይል ሰው ነው። ዝምታው ድሮ ለመዳፍ ጨዋነት ነበር፤ አሁን ግን ተንኮል ሆኖ ታየው። ደግሞስ መዳፍ ቢወርድ ማሽኑ ላይ የሚወጣው ማን ሆነና?

ቤትም አላስቀምጥ የሚል ነገር ነበር። እርሳስ እሁድ እሁድ እየመጣ ከእህቱ ጋር ወጥ ቤት ገብተው ይንሾካሾካሉ፤ መዳፍ ብቅ ሲል ዝም ይላሉ። ስለ ጎረቤት ነው የምናወራው ትላለች ሚስቱ። ጎረቤት እንዲህ ተደብቆ ይወራል እንዴ? ደግሞ ሴትዮዋ ጠባይዋ ተለውጧል። ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን መቆለፍ ጀምራለች። እሱ ከቁልፉ ጋር ሲታገል እያየች «ና እኔ ልቆልፍልህ» ትላለች። በሙሽርነታቸው እንኳ ያላደረገችው ነው። አንድ ቀን ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው ላይ ሆዱን ይዞ ሲያነሳው ደንግጣ ነጠቀችው፤ እጅህ ተቃጠለ ብላ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከረችለት። መዳፉ ቀላ ብሏል እንጂ ምንም አላመመውም። አካበደች አለ በሆዱ። ሴት እንዲህ የምትለሳለሰው የምትደብቀው ነገር ሲኖር ነው ብሎም ደመደመ።

እንዲህ ሲብሰለሰል ቀቢዋ እሳቱን ቆሰቆሰችው። ይህቺ ሴት ነገር ካላመላለሰች ቫርኒሽ የማይደርቅላት ናት። ግራ ቀኙን አየችና፣ እኔ አላልኩም፣ ግን አማችህ በምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ ያንተ ክምር አጠገብ ምን ያደርጋል ብላው ሄደች። የመዳፍ ደም ፈላ። ወዲያው ግን አንድ ነገር ትዝ አለው፤ አለቃው ካስጠነቀቀው ወዲህ አንድም ፓኔል ከቀለም ክፍል አልተመለሰም። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ደስ ይለው ነበር። መዳፍ ግን፣ ነቅቼ መጠበቅ ስጀምር ቆመ፣ ስለዚህ የሰው ሥራ ነው አለ። ጥርጣሬ አንዴ ከገባ እንዲህ ነው፤ ደጉንም ክፉውንም ለራሱ ምስክር ያደርገዋል።

ወጥመድ ማዘጋጀት አለብኝ አለ። ወጥመዱም ከገዛ ሙያው የወጣ ነበር። አንድ ፓኔል ጨርሶ ዳብሶ «በቃ» ካለው በኋላ፣ ከልጁ የደብተር ቦርሳ የሰረቀውን እርሳስ አወጣና ጥጎቹ ላይ ለዓይን የማይጎሉ ቀጫጭን መስመሮች አሰመረ። ሰው ሁሉ ሳያለሰልስ በፊት የሚያደርገውን እሱ ካለሰለሰ በኋላ አደረገው። ማንም ማሽን ቢያስጠጋበት መስመሩ ይጠፋል፤ ካልነኩት ይኖራል። በሰው ፊት ሲያላግጥበት በኖረው እርሳስ መገልገሉ ትንሽ አሳፍሮታል፤ ግን ማን አየው?

ከምሳ ተመልሶ ጎንበስ አለ። ሦስቱ ጥጎች እንደነበሩ ናቸው። አራተኛው ላይ ያሰመረው መስመር የለም።

የእህሌ ተካፋይ፣ የልጄ አጎት እንዲህ ያድርገኝ? ለማንም ሳይተነፍስ ዋለ። ቤት ገብቶም አልተነፈሰም፤ ሚስቱ ምን ሆነሃል ስትለው ራሴን አሞኛል አላት። ዓይኗን እያየ፣ አንቺም ታውቂያለሽ አለ በሆዱ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ከሰው ጋር የወጣ መስሎ በጓሮ በር ተመለሰና የቺፑድ ክምር ጀርባ ተሸጎጠ። አቧራው አፍንጫው ውስጥ ገብቶ እንጥሽ እንጥሽ ሲለው አፍንጫውን ቆንጥጦ ያዘ። ማሽኖቹ ሁሉ ዝም ብለዋል። ብዙም አልቆየ፣ እርሳስ ገባ። ግራ ቀኙን ተመለከተ። እርጥብ ጨርቅ ይዞ ቀጥታ ወደ መዳፍ ክምር ሄደና መዳፍ ጠዋት የጨረሰውን ፓኔል ጥግ ጥጉን አበሰ። አንዱ ጥግ ላይ ቆመ። ከኪሱ ትንሽ ጠርሙስና ቀጭን ብሩሽ አወጣ፣ ተንበረከከና ብሩሹን ፓኔሉ ላይ አሳረፈ።

መዳፍ ብሩሹ ምን እንደሚሠራ ለማየት አልታገሠም። ኮላ የሚበላ መርዝ ነው አለው ልቡ። ዘሎ ወጣና የእርሳስን እጅ ከነብሩሹ ያዘ። እጅ ከፍንጅ ማለት ይህ ነው። ጠርሙሱ ወደቀና ቡና ዓይነት ቀለም ያለው ፈሳሽ ሲሚንቶው ላይ ተዘረጋ። ጩኸቱን ሰምቶ አለቃው ሳንድዊቹን እንደያዘ መጣ፣ ቀቢዋም ከኋላው።

ፓኔሉ ጥግ ላይ ኮላው ወጥቷል፤ እርጥብ ስለሆነ ወለል ብሎ ይታያል። አለቃው ጥጉን አየ፣ ብሩሹን አየ። ምንድነው ይሄ ብሎ እርሳስን ጠየቀው።

እርሳስ አለቃውን አላየውም። ያየው መዳፍን ነው፤ ከዚያም አንጓውን ጨምድዶ የያዘውን የመዳፍን እጅ። «ጋሼ፣ እጄን ሰበርከኝ» አለ ቀስ ብሎ።

መዳፍ ገረመው፤ ለእሱ ገና ጣቱን ያሳረፈ ያህል ነበር። ቢሆንም አልለቀቀውም። አንተ ነህ የበላኸው ወይስ አይደለህም ብሎ አፋጠጠው።

እርሳስ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ ቀቢዋን አያት፣ አለቃውን አየው፤ ተወው። «አዎ» አለ። «እኔ ነኝ።»

አለቃው ከዚህ በላይ ምን ይጠይቅ? ዕቃህን ሰብስብ አለው። እርሳስ የሥራ ልብሱን አውልቆ ምስማሩ ላይ ሰቀለ። በመዳፍ በኩል ሲያልፍ ጆሮው ላይ የነበረውን እርሳስ አውጥቶ ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ አኖረለትና፣ «ከእንግዲህ በዚህ ሥራ፣ ጋሼ» ብሎት ወጣ። መዳፍ ስድብ ነው ብሎ ያዘው። እርሳሱን ግን አልጣለውም፤ ለምን እንዳልጣለው እሱም አያውቅም።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ሰምታ ጠበቀችው። ታለቅሳለች፣ ትጮሃለች ብሎ መልሱን ሁሉ መንገድ ላይ አዘጋጅቶ ነበር። እሷ ግን አልጮኸችም። ወንድሜ አልበላውም አለች። ማን በላው ታዲያ አላት። ሁለት ብርጭቆ ሻይ አቀረበች፤ አንዱ አሁን የተቀዳ፣ አንዱ የቆየ።

«ዓይንህን ጨፍንና ያዛቸው። ትኩሱ የቱ እንደሆነ ንገረኝ።»

የሕፃን ጨዋታ ነው አላት። ወንድምሽ እጅ ከፍንጅ ተይዞ አንቺ በሻይ ትጫወቺያለሽ አላት። ብድግ ብሎ በረንዳ ላይ ተቀመጠ፤ ሻዩን አልነካውም። ለምን እንዳልነካው ራሱን አልጠየቀም። የፈራ ሰው እንዲህ ነው፤ ፈራሁ አይልም፣ ተቆጣሁ ይላል።

ጠዋት ሸሚዙን የቆለፈለት ሰው አልነበረም። ሁለት ቁልፍ ዘሎ መጣ። ቀቢዋ አይታ ሳቋን ዋጠች፤ ቀጥላ ግን ወደ ቀለም ክፍል ጠራችው። የትናንቱን ፓኔል አለቃው እስቲ ቀቢውና እንየው ብሏት ቀብታዋለች። ያመጣሁትን ነገር መልሼ ልውሰድ እንደምትል ሴት እጇን እያሻሸች፣ ጥጉን አሳየችው። የተበላው ቦታ ግማሹ ቋቁቻ ነው። ግማሹ ላይ ግን የእንጨቱ ሞገድ አለ፤ አንድ በአንድ፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር የተሳለ፣ ከጎኑ ካለው ከእውነተኛው እንጨት የማይለይ። ብሩሹ የተነጠቀበት ላይ ሲደርስ ተቋርጧል።

«የበላው እሱ ከሆነ» አለች ቀቢዋ፣ «እየበላ ነው ወይስ እየሸፈነ?»

መዳፍ ወደ በሩ ዞረ። ቀቢዋ ግን አላቆመችም። ቀደም ብላ ቀብታ ያሳለፈቻቸውን የእሱን ፓኔሎች ወደ መስኮቱ አዙራ እያጋደለች አሳየችው። እሷም ራሷ ያኔ አላስተዋለችም፤ አሁን የሚፈልገውን የሚያውቅ ዓይን ነው ያገኘው። አንዱ ጥጉ ላይ፣ ሌላው ወገቡ ላይ፣ በብሩሽ የተሳለ እንጨት ነበረበት። አንድም ፓኔል ያልተመለሰው፣ ወጥመዱ ላይ ያሰመረው መስመርም ከቀለም ሥር የጠፋው ለካ ስለዚህ ነው።

መዳፍ ወደ ማሽኑ ተመለሰ። ልቡ ግን አሁንም እጁን አልሰጠም፤ እርሳስ ራሱ ኋላ እየገባ በልቶ፣ ሲፀፅተው የሸፈነ እንደሆነስ አለ። ይሄ ውሃ እንደማያነሳ እያወቀ ነው ያለው። እንግዲህ የቀረው አንድ ነገር ነው። ክምሩ ላይ ያልተለሰለሰው የመጨረሻው ፓኔል ቀርቷል። መዳፍ አነሳው፣ ጠረጴዛው ላይ አስተኛው፣ የአማቹን እርሳስ አነሳና በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ተማሪ ከጥግ እስከ ጥግ ሞነጨረው። እርሳሱ ከጣቱ ሁለት ጊዜ ወደቀ።

ማሽኑን አስነሳ። ቀበቶው ጮኸ፣ አቧራው ተነሳ። እንደ ሁልጊዜው ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰክቶ ሠራ። ማሽኑን አቁሞ በቀኝ መዳፉ ዳበሰ። መዳፉ «ትንሽ ቀረው» አለው። ደገመው። ዳበሰ። ጥጉ ላይ አሁንም ሸካራ ነው፣ ትንሽ ቀረው አለው። ይምላል፤ ሻከረው። ደገመው።

ከዚያ ዓይኑን ከጣሪያው አወረደ።

የእርሳሱ መስመር ከጠፋ ቆይቷል። ቬኒየሩም የለም። ጥጉ ላይ ኮላው ጠቁሮ፣ ከሥሩም ቺፑዱ ፍርፍር ብሎ ይታያል። ከእሱ ሌላ ማንም አልነካውም፤ ምሳ ሰዓት አልደረሰም፤ አማቹ የለም። መዳፍ እጁን አገላብጦ አየው። ብዙ ዘመን ከሚንቀጠቀጥ ማሽን ጋር የኖረ እጅ፣ የጣቶቹ ጫፎች ነጣ ያሉ፣ ደህና እጅ ይመስላል። በጥፍሩ ቆነጠጠው። የሌላ ሰው እጅ የቆነጠጠ መሰለው። ማንቆርቆሪያው ትዝ አለው። የሸሚዙ ቁልፍ ትዝ አለው። «እጄን ሰበርከኝ» ትዝ ሲለው ግን አቧራው ላይ ተቀመጠ። አፈረ፤ በሰው ፊት ከማፈር የባሰ፣ ብቻን ሆኖ የሚታፈረውን ዓይነት።

ፓኔሉን ገልብጦ ክምሩ ሥር መደበቅ ይችል ነበር። ትናንት የበላው ነው ብሎ በእርሳስ ላይ ማሳበብም ይችል ነበር፤ ማን ይከራከረዋል? ሁለቱንም አስቧቸዋል። ከዚያ ተነሳና ፓኔሉን በብብቱ ይዞ አለቃው ክፍል ገባ።

የተባባሉት ረጅም አልነበረም። የበላሁት እኔ ነኝ አለው፣ ያንኛውንም፣ ይህንንም፣ ሁሉንም፤ እጄ አይሰማኝም፣ አማቼ ሲሸፍንልኝ ነበር። አለቃው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ መጀመሪያ ፓኔሉን፣ ከዚያ ሰውዬውን አየ። ከማሽኑ ወርደሃል አለ፤ ድምፁ ለራሱም ከበደው። ፓኔሉን የሚያድነው የአማችህ ብሩሽ ብቻ እንደሆነ ታውቃለህ፣ ማን ሄዶ ይጥራው ብሎ ጠየቀ። እኔ አለ መዳፍ።

እርሳስ አውቶቡስ ፌርማታው ጀርባ አንድ ክፍል ቤት ነው የሚኖረው። መዳፍ በዋስነት ሥራ ያስገባውን ሰው ቤት ደጃፍ ከዚያ ቀን በፊት ረግጦት አያውቅም። አንኳኳ። እርሳስ ከፈተ፤ ጆሮው ባዶ ነው፣ አንጓው ላይ የጣት ምልክት በልዟል። መዳፍ መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀው ንግግር ብልዙን ሲያይ ጠፋው። የመጨረሻውን ፓኔል በላሁት አለ። ዓይኔ እያየ ነው የበላሁት።

እርሳስ አልሳቀበትም፣ አልኮነነውም። ለምን አልነገርከኝም ሲባል ግን መሬት መሬቱን እያየ መለሰ። እህቱ ናት እየማለደች የለመነችው። ለሽማግሌው የወረወራትን ቀልድ አልረሳኋትም፣ እሱ ላይ ቢመጣ ይሞትብኛል ብላዋለች። እኔም ፈራሁህ ጋሼ አለ። እጅህን ከምትጠላ እኔን ብትጠላኝ ይሻላል ብዬ ነው።

መዳፍ ቀኝ እጁን ዘረጋ። እርሳስ አየው፤ ትንሽ ዘገየና ጨበጠው። ሁለቱም በሩ ላይ ቆሙ፣ አውቶቡስ መጥቶ ሄደ። መዳፍ የተጨበጠውን እጁን ቁልቁል እያየ ከእጁ ወሬ ጠበቀ። ምንም የለም። ሰው ሲጨብጠው ልቡን በመዳፉ ለይቶ የሚያውቅ ይመስለው የነበረ ሰውዬ፣ ይቅር ተብሎ ይሁን ለወጉ ተጨብጦ፣ ማወቂያ አጣ።

«አጥብቀህ ነው የጨበጥከኝ ወይስ አላልተህ?» አለ።

«አጥብቄ ነው፣ ጋሼ።»

መዳፍ ፊቱን አየው። የድሮው ጥርጣሬ ከሆዱ ብድግ ሲል ተሰማው፤ ይሄ ዝምተኛ አሁንም ሊያስደስተኝ ብሎ ቢሆንስ? የሚያጣራበት ነገር አልነበረውም። «እሺ» አለ፣ እጁንም ሳያስለቅቅ ቆመ።